እንግዳው ሲጠልቅ ማን ይጠቀማል? ከጓሳ እስከ ታጁራ ባህረ ሰላጤ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለቱሪዝም ተማሪዎች፣ ከመንዝና ከአንኮበር ለመጡ አስጎብኚዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዚህ ብርድ ከመንዝ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ቆሞ ስለ ባህር ውስጥ ጉብኝት ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ ግር ሊል ይችላል። ግን ሸዋና ባህር የቆየ ትውውቅ አላቸው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ከባህር የምትገናኘው ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ባለችው በታጁራ በኩል ነበር። ከአሳል ሐይቅ የወጣ ጨው በአፋር ግመል ተጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ አንኮበር የመጡትም ታጁራ ላይ ከመርከብ ወርደው ነው። እኔ ዛሬ እንጀራዬን የማገኘው በዚያው ባህረ ሰላጤ ነው።

ደብረ ሲና ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ወረድኩ። እዚያ ዳይቪንግ ተምሬ ጎብኚዎችን ባህር ውስጥ የማስጎብኘት ሥራ ያዝኩ። ለእረፍት አገሬ ስመጣ መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ እወጣለሁ። ሁለቱን ቦታዎች ሳስተያይ አንድ ሐሳብ አይለቀኝም። ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁትም እሱን ነው።

ጥብቅ ስፍራ ለእንግዳ ሲከፈት፣ ቀድሞ መጠቀም ያለበት ስፍራው እንዲጠበቅ ብሎ የራሱን ጥቅም የተወ ሰው ነው። ዓሣ አስጋሪው መረቡን ከሰበሰበ፣ ገበሬው ማጭዱን ከሰቀለ፣ የእንግዳው ገንዘብ መጀመሪያ እሱ ቤት መግባት አለበት። እንዲህ የተደረገባቸው ባህሮች ዛሬ ዓሣ ሞልቷቸዋል። ያልተደረገባቸው ብዙዎቹ ግን ካርታ ላይ ብቻ ነው ጥብቅ የሆኑት።

ዳይቪንግን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ጠላቂው ጀርባው ላይ የታመቀ አየር ያለበት ሲሊንደር ይሸከማል። በአፉ በነከሰው ቱቦ ይተነፍሳል። ዓይኑ ላይ መነጽር፣ እግሩ ላይ መቅዘፊያ ያደርጋል። እንዲሰምጥ ወገቡ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት ይታጠቃል። ከልክ በላይ እንዳይሰምጥ ደግሞ አየር የሚሞላና የሚለቅ ጃኬት ይለብሳል። ሚዛኑን ሲያገኝ ሳይወርድም ሳይወጣም ውሃው መሀል ይቆያል። መሣሪያው በዛሬው መልኩ የመጣው በ1943 ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን ሠሩት። ኩስቶ በ1963 ሱዳን ጠረፍ አጠገብ፣ ሻዕብ ሩሚ በሚባል ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የገነባው የባህር ሥር አለት ላይ፣ ሰዎች ባህር ሥር ቤት ሠርተው እንዲቀመጡ አድርጎ ነበር። የቤቱ ቅሪት ዛሬም እዚያው አለ። የእኛው ጎረቤት ባህር የዳይቪንግ ታሪክ ሲጻፍ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አይጠፋም።

ሚዛን ያልኩትን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ስለ ኮራል።

ብዙ ሰው ኮራልን ሲያይ ድንጋይ ይመስለዋል። ኮራል እንስሳ ነው። ጥቃቅን ፍጥረታት በብዙ ሺህ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ከሥራቸው የኖራ አጽም ይገነባሉ። ሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አሉ። አልጌዎቹ በፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ለኮራሉ ያካፍሉታል። አብዛኛው ቀለሙም የሚመጣው ከእነሱ ነው። ድፍኑና ክቡ የኮራል ዓይነት በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ነው። ቅርንጫፍ ያለው ይፈጥናል፤ በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርስም አለ። እንግዲህ አስቡት። አንድ ወጣት ጎብኚ በመቅዘፊያው መትቶ የገመሰው ትልቅ ኮራል፣ ወጣቱ ልጁን እስኪድር ድረስ እንኳ ላይተካ ይችላል።

የኮራል ሪፍ ከዓለም የባህር ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍንም። ሆኖም ከባህር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው የሆነ ጊዜ እዚያ ይጠለላሉ። ዓሣ የሚፈለፈልበት፣ የሚደበቅበት፣ የሚያድግበት ቦታ ነው። ሪፉ ሲፈርስ ከማንም በፊት የሚራበው ጠረፍ ላይ ያለው አስጋሪ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልመለስ። ጎብኚ ኮራል የሚሰብረው በክፋት አይደለም። እኔ የማያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ባህር ወዳዶች ናቸው፤ ገንዘብ አጠራቅመው የመጡ ናቸው። ችግሩ ሚዛን መጠበቅ አለመቻል ነው። እርሳሱ ይበዛበትና ይሰምጣል። ሲሰምጥ ይደነግጣል። ሲደነግጥ እግሩን ያራግባል፤ የፊቱን ነገር ይጨብጣል። የጨበጠው ኮራል ነው። ያራገበው መቅዘፊያ ደግሞ አሸዋ አንስቶ ኮራሉ ላይ ይደፋዋል። ኮራሉ አሸዋውን ለማራገፍ ጉልበቱን ይጨርሳል። ከሁሉ የከፋው ካሜራ የያዘ ጀማሪ ነው። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ስለሆነ ጉልበቱ የት እንዳረፈ አያውቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ሁለት ጥናቶች ልጥቀስ። ለእናንተ ለአስጎብኚዎች በጣም ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው ግብፅ ውስጥ፣ በሲና ባህረ ገብ መሬት ጫፍ ላይ ባለው ራስ መሐመድ የተሠራ ነው። ራስ መሐመድ በ1983 የግብፅ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። በ1997 የታተመው ጥናት ጠላቂዎች በየ7 ደቂቃው በአማካይ 1.4 ጊዜ ኮራል ይነኩ እንደነበር አየ። ከዚያ በደንብ ገለጻ ተደረገላቸው። ኮራል ምን እንደሆነ በሥዕል አዩ፣ ውሃ ውስጥም በተግባር ተነገራቸው። ቁጥሩ ወደ 0.4 ወረደ።

ሁለተኛው ካሪቢያን ውስጥ፣ ሴንት ሉሲያ ላይ የተሠራ ነው። በ2004 ታተመ። 353 ጠላቂዎችን ተከታትሎ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ቢያንስ አንዴ ሪፉን እንደነኩ አገኘ። እዚያ ጀልባው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ «እባካችሁ ሪፉን አትንኩ» የምትል፣ ተጨምራ ነበር። ምንም አልለወጠችም። የለወጠው አስጎብኚው ነው። ውሃ ውስጥ አብሯቸው ሆኖ፣ የነካውን ሰው ክንዱን ይዞ ገለል ሲያደርግ፣ ንክኪው በግልጽ ቀነሰ።

ይህን በየቀኑ አየዋለሁ። በር ላይ የተለጠፈ ደንብ ማንም አያነበውም። ዌብሳይት ላይ የተጻፈውንም እንደዚያው። እንግዳው የሚሰማው አጠገቡ ያለውን፣ ስሙን ጠርቶ «ትንሽ ከፍ በል» የሚለውን ሰው ነው። ስለዚህ አንድ አስጎብኚ ብዙ ሰው መያዝ የለበትም። እኔ ጀማሪዎችን ከአራት በላይ አልይዝም። አምስተኛው ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ይቀርብኛል። ግን አምስተኛውን እየጠበቅሁ ሁለተኛውን ካላየሁት፣ የማስጎበኘውን ነገር ራሴ እያስጨረስኩ ነው።

ከጠላቂው የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ የጀልባው መልህቅ ነው። መልህቅ ኮራል ላይ ሲጣል ይፈነክታል፤ ሰንሰለቱ በነፋስ ሲዞር ዙሪያውን ይፈጨዋል። መፍትሔው ቀላልና የታወቀ ነው። ባህር ወለል ላይ አንድ ጊዜ ጠንካራ ማሰሪያ ይተከላል፣ ላዩ ላይ ተንሳፋፊ ይደረጋል፣ ጀልባዎች እሱ ላይ ይታሰራሉ። ግብፅ ሁርጋዳ ውስጥ ይህን ሥራ የጀመሩት የዳይቪንግ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሪፉ ዓይናቸው እያየ ሲፈርስ በ1992 ሄፕካ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ፤ ማሰሪያዎቹን መትከል ጀመሩ። ነጋዴ ሲነቃ ከመንግሥት ይፈጥናል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ እንግዳው ነው። አሁን ስለ ባለቤቱ።

ከመንዝ የመጣችሁ የምናገረውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁ እንድትሰሙት ግን ልድገመው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል። ጨረንፊ የሚባለው ቁጥቋጦ ማገዶ ነው። ይህን ሀብት የመንዝ ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ልጆች የቄሮ ሥርዓት በሚባለው ደንብ ከ400 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ጠብቀውታል። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል። ስፍራው ለሦስት ዓመት፣ ሲያስፈልግም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ሰው ሁሉ በአንድነት ያጭዳል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ማንም ውጭ ሰው መጥቶ ያስተማራቸው አይደለም። ሣሩ ካለቀ እነሱ ራሳቸው ክዳን እንደሚያጡ ያውቁ ነበር።

የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። መሬቱ የመንግሥት ሆነ፣ ባለቤትነቱ ላላ፣ ስፍራው ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ እንደገና ያዘው። በ2012 የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጸናው። ዛሬ ቀይ ቀበሮ እዚያ የሚታየው ለዚህ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ከእነሱ ጥቂቶቹ የሚያድሩት መንዝ ውስጥ፣ ገበሬ በጠበቀው ሣር ላይ ነው።

ከዚህ ታሪክ ጋር በጣም የሚቀራረብ አንድ የባህር ታሪክ አለ። ፊሊፒንስ ውስጥ አፖ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። የደሴቲቱ ሰው ዓሣ አስጋሪ ነው። በ1970ዎቹ ዓሣው እያነሰ ሄደ። በፈንጂና በመርዝ የሚያጠምዱ ነበሩ። የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከነዋሪዎቹ ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። በ1982 ነዋሪዎቹ ከሪፋቸው ትንሽ ክፍል ቆርጠው ዘጉት። መዝጋት ሲባል ሙሉ በሙሉ ነው። መረብ የለም፣ መንጠቆ የለም። ራሳቸው ጠባቂ መድበው ራሳቸው ቀጡ።

ትላልቅ ዓሦች ተመለሱ። ዓሣ ደግሞ ድንበር አያውቅም። ከተዘጋው ክፍል ሞልቶ ወደ ተከፈተው ፈሰሰ፤ አስጋሪዎቹ ጥቅሙን በመረባቸው አዩት። ቀጥሎ ጠላቂዎች መጡ። ጠላቂ ትልቅ ዓሣ ማየት ነው የሚፈልገው። ክፍያ ተጣለባቸው፤ ገንዘቡ ለደሴቲቱ ሥራ ዋለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አማረ።

በ1994 ደሴቲቱ በብሔራዊ የጥብቅ ስፍራዎች ሕግ ሥር ገባች። ዕውቅናው ትልቅ ነበር። ውሳኔው ግን ከነዋሪው እጅ ወደ ቦርድ ሄደ። የጎብኚው ገንዘብም ወደ ማዕከል ሄዶ መመለስ ግድ ሆነበት፤ ይዘገይ ጀመር። ሕዝቡ ቅሬታ አቀረበ። ይህን ታሪክ ሳነብ የ1975ቱ አዋጅ ነው ትዝ ያለኝ። በሁለቱም ቦታ የተሻለ ነገር ይመጣል ተብሎ፣ ጠባቂው የጠበቀውን ነገር አዛዥ መሆኑ ቀረ። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነው። መንግሥት ሕግ ያውጣ፣ ይደግፍ፣ ከውጭ የሚመጣውን አጥፊ ይከልክል። ቁልፉን ግን ከአባ ቄራ እጅ አይውሰድ።

ሜክሲኮ ውስጥም ካቦ ፑልሞ የሚባል መንደር አለ። አስጋሪ ቤተሰቦች ናቸው። በ1995 ባህራቸው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ሕጉ ማስገርን የከለከለው በከፊሉ ላይ ብቻ ነበር። መንደሩ ግን በራሱ ፈቃድ በሙሉ አቆመ። ልጆቻቸው ዳይቪንግ አስጎብኚ ሆኑ። ከ1999 እስከ 2009 ባለው ጊዜ የዓሣው ጠቅላላ ክብደት በ463 በመቶ ጨመረ። ከአምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያው አካባቢ ጥብቅ ተብለው በተግባር ማንም ያልጠበቃቸው ባህሮች ይህን ያህል ለውጥ አላሳዩም።

ገንዘብ ስላነሳሁ ቦኔርን ልጨምር። ቦኔር ካሪቢያን ውስጥ ያለች ደሴት ናት። በ1979 የባህር ፓርክ አቋቋመች። ጥቂት ዓመት ሠራና ገንዘብ አለቀ። ፓርኩ በስም ብቻ ቀረ። በ1992 ከእያንዳንዱ ጠላቂ 10 ዶላር በዓመት ማስከፈል ተጀመረ። አንዳንድ ነጋዴዎች «እንግዳ ይሸሻል» ብለው ፈርተው ነበር። እንግዳው አልሸሸም። ፓርኩ በዚያ ገንዘብ ጠባቂ ቀጠረ፣ የጀልባ ማሰሪያ ተከለ። ዛሬም ቦኔር ላይ ኮራል ላይ መልህቅ መጣል ክልክል ነው። ጓንት ማድረግም ክልክል ነው፤ ጓንት ያደረገ ሰው ሳይፈራ ስለሚጨብጥ። አዲስ የመጣ ጠላቂ መጀመሪያ ደንቡ ይነገረዋል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ጠልቆ ሚዛኑን ያሳያል። ከዚያ ነው የሚለቀቀው። ይህቺ የመጨረሻዋ ደንብ በጣም ደስ ትለኛለች። ሁሉም ቦታ ብትሠራበት ብዙ ኮራል ይተርፍ ነበር።

ፓላው የምትባለው የፓሲፊክ ደሴት አገር ደግሞ በ2009 ሻርክ ማጥመድን በባህሯ ሁሉ ከለከለች። በ2011 የወጣ ስሌት አለ። አንድ ሻርክ ጠላቂዎች ለማየት ከሚመጡበት ቦታ በሕይወት ቢኖር በዓመት ወደ 179,000 ዶላር ያስገባል ተባለ። ሞቶ ቢሸጥ 108 ዶላር ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ወደ አገሪቱ የሚገባ ጎብኚ ፓስፖርቱ ላይ የሚታተም ቃል ይፈርማል። ቃሉ የሚገባው ለፓላው ልጆች ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ታጁራ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ ወደ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ይመጣል። ሻርክ ስለተባለ አትደንግጡ። በዓለም ላይ ትልቁ ዓሣ ነው፤ የሚበላው ግን ፕላንክተን የሚባሉትን ጥቃቅን ነገሮች ነው። አዋቂው ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ጅቡቲ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ከ3 እስከ 6 ሜትር ይሆናሉ። ውሃው ላይ ሆነው አፋቸውን ከፍተው ይመገባሉ። ስለዚህ ለማየት ሲሊንደር እንኳ አያስፈልግም። መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። በዚህ ምክንያት ከአዲስ አበባም ከሌላም ቦታ ብዙ ወገኖቻችን ለገና ሰሞን እየመጡ ነው። ደስ ይለኛል።

የማያስደስተኝ የጀልባው ግፊያ ነው። አንድ ዓሣ ሲታይ ጀልባዎች ተሽቀዳድመው ይከቡታል። ሰው ከሁሉም አቅጣጫ ይዘላል። ሰልፊ ለመነሳት ክንፉን የሚይዝ አለ። ጀርባው ላይ ለመቀመጥ የሚሞክርም አይቻለሁ። ዓሣው መመገቡን ትቶ ወደ ታች ይሰጥማል። የሚመጣው ለመብላት ነው፤ ወቅቱ ደግሞ አጭር ነው። ብዙዎቹ ሰውነታቸው ላይ የጀልባ ሞተር የቆረጠው ጠባሳ አለ። ጠባሳውን ከቅርብ ሳየው ያመኛል።

አውስትራሊያ ውስጥ ኒንጋሉ የሚባል ቦታ ይኸው ዓሣ ይጎበኛል። እዚያ ከአንድ ዓሣ ጋር በአንድ ጊዜ ከ10 ሰው በላይ ውሃ ውስጥ አይገባም። ከዓሣው ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። መንካት ክልክል ነው። ጀልባው 30 ሜትር ይርቃል፤ አንዱ ጀልባ እያለ ሌላው ገብቶ አይጋፋም። ይህን ታጁራ ላይ ማድረግ የሚያቅት ነገር የለም። የሚያስፈልገው የጀልባ ሰዎች መስማማት ነው። የሚስማሙት ደግሞ ዓሣው የእነሱ ነገ መሆኑ ሲገባቸው ነው። ለዚህ ነው የአፋር አስጋሪ ልጆች አስጎብኚ እንዲሆኑ ሁልጊዜ የምወተውተው። ለወቅቱ ብቻ ከከተማ መጥቶ የሚሄድ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት አይጨነቅም። የአስጋሪው ልጅ ይጨነቃል፤ አገሩ ነው።

አሁን ደግሞ ለሸዋ ሰው ብቻ የሚሆን ምክር አለኝ። እባካችሁ ይህን በደንብ ስሙኝ። ሕይወት ነው።

ጠላቂ 10 ሜትር በወረደ ቁጥር አንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመርበታል። በዚያ ግፊት ሲተነፍስ ናይትሮጂን ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሲወጣ ቀስ እያለ ይወጣለታል። ቶሎ ወደ አነስተኛ ግፊት ከሄደ ግን ናይትሮጂኑ ደሙና መገጣጠሚያው ውስጥ አረፋ ይሠራል። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው። ሕመሙ ሽባ ሊያደርግ ይችላል፣ ሊገድልም ይችላል። ለዚህ ነው ከዳይቪንግ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን አትሳፈሩ የሚባለው። የተለመደው ምክር አንድ ጊዜ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው።

ይህ ምክር የተሰላው የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ሆኖ ስለሚያዝ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባህር ጠረፉ ጋር ሲነጻጸር ወደ 70 በመቶ ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጓሳም እንደዚያው። ስለዚህ ከጅቡቲ በሚሌ፣ በኮምቦልቻ፣ በደብረ ሲና አድርጎ በመኪና የሚመለስ ሰው «እኔ አውሮፕላን አልተሳፈርኩም» ብሎ መዘናጋት የለበትም። መኪናው ራሱ ከአውሮፕላኑ በላይ ያወጣዋል። የውጭ አገር አስተማሪ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል፤ የሚኖረው ባህር ዳር ነው፣ አያስበውም። የእኔ ምክር ከመጨረሻው ዳይቪንግ በኋላ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ከዚያም በላይ ቆላ ላይ ቆዩ። መንገዱንም ከፋፍሉት። መገጣጠሚያችሁን ካመማችሁ፣ ቆዳችሁ ከነዘራችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ዳገቱን አትውጡ። ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ዳይቪንግ ላይ እንደነበራችሁ ተናገሩ። በመነጽርና በቱቦ ላይ ላዩን የዋኘ ሰው ይህ አይመለከተውም።

ስለ ሙቀት ሳልናገር ብቀር ያጎደልኩ ይመስለኛል። የባህሩ ውሃ ከለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ጨምሮ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ይነጣል። ሙቀቱ ካልተመለሰ ይሞታል። በ2024 ሚያዝያ ላይ ይህ ክስተት በዓለም ደረጃ ለአራተኛ ጊዜ እየሆነ መሆኑ ታወጀ። ይህን አስጎብኚ አያቆመውም። ግን በሙቀት የታመመ ኮራል እግር የሚረግጠው ከሆነና መልህቅ የሚፈነክተው ከሆነ የማገገም ዕድሉ ያንሳል። የእኛ ድርሻ እዚያ ላይ ነው። የፀሐይ ክሬምም አለበት። ሃዋይ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ሁለት ኬሚካሎች ያሉበትን ክሬም መሸጥ ከልክላለች። ከሁሉ የሚሻለው ግን ረጅም እጅ ያለው የመዋኛ ልብስ ነው። ይከላከላል፣ ወደ ውሃው የሚለቀው ነገር የለም።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። ሁለቱን ልጻፋቸው።

አንዲት የቱሪዝም ተማሪ «የጎብኚ ቁጥር መገደብ ገቢ አይቀንስም ወይ?» አለችኝ። ማሌዥያ ውስጥ ሲፓዳን የምትባል ደሴት አለች። ሆቴሎቹ በ2004 ከደሴቲቱ እንዲወጡ ተደረገ። ከዚያ ለብዙ ዓመት በቀን ለ120 ሰው ብቻ ፈቃድ ይሰጥ ነበር። እንግዳው አልጠፋም፤ ፈቃዱን ለማግኘት አጎራባች ደሴቶች ላይ ብዙ ቀን ይቆያል። ስለዚህ ገንዘቡ ይሰፋል። ተመራማሪዎችም አንድ የዳይቪንግ ቦታ ላይ በዓመት ከ5,000 እስከ 6,000 ጊዜ ገደማ በላይ ከተጠለቀ ጉዳቱ በፍጥነት እንደሚጨምር ጽፈዋል። ቦታ ከቦታ ይለያያል፤ ግን ጣሪያ እንዳለው ግልጽ ነው። ጓሳ ላይም ጣሪያውን ከአሁኑ መወሰን ይሻላል ባይ ነኝ። ስንት መኪና ይግባ፣ ለጭላዳ ስንት ሰው ይቅረብ፣ ውሻ ይዞ መምጣት ይከልከል፤ የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ይጨርሳል። ገና ሕዝብ ሳይጋፋ የወጣ ደንብ ማንንም አያስቀይምም።

አንድ ከአንኮበር የመጡ አባት ደግሞ «እኛ ደገኞች ዋና አናውቅም። ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» አሉኝ። አባቴ፣ ልጆችዎ ያውቁታል፤ ገና ሰሞን ይመጣሉ። ዋና የማይችል ሰው ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሶ፣ ከአስጎብኚ ጋር ሆኖ ማየት ይችላል። አደጋው ሲደክመው ኮራል ላይ ለመቆም መሞከሩ ነው፤ እግሩም ይቆረጣል፣ ኮራሉም ይሞታል። ስለዚህ ልጆችዎ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የጀልባውን ሰው ይጠይቁት ብያቸዋለሁ። ስንት ሰው ትጭናለህ? ውሃ ውስጥ አብሮን የሚገባ ሰው አለ? መልህቅ የምትጥለው የት ነው? ዓሣው አጠገብ ሌላ ጀልባ ካለ ምን ታደርጋለህ? አስጎብኚው የየት አገር ልጅ ነው? በደንብ ካልመለሰላቸው ሌላ ጀልባ ይፈልጉ፤ ጅቡቲ ላይ በወቅቱ ጀልባ ሞልቷል።